«ቦውፊንገር»ን ያያችሁ፣ የሳቃችሁት በማን ነው?

የፒያሳ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ሆሊውድ በራሱ ስለቀለደባቸው ፊልሞች ስታወሩ አብዛኛው ሰው «ትሮፒክ ተንደር»ን ጠራ፣ አንድ ሁለት ሰው «ዘ ፕሌየር»ን ጨመረ፣ «ቦውፊንገር»ን ግን ያነሳ አልነበረም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ስለሆነ ለብቻው ክር ልክፈትለት ብዬ ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ፣ ስቲቭ ማርቲን ጽፎት ራሱም የተወነበት፣ ፍራንክ ኦዝ ዳይሬክት ያደረገው ኮሜዲ ነው። ቦቢ ቦውፊንገር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያረጀ ቤቱን ቢሮ አድርጎ የሚኖር፣ ስልኩን «ቦውፊንገር ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ» እያለ የሚያነሳ ድሃ ፕሮዲውሰር ነው። የሂሳብ ሠራተኛው አፍሪም አንድ ስክሪፕት ይጽፍለታል፤ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን በዝናብ ጠብታ ውስጥ ሆነው ምድር ላይ ይወርዳሉ። ቦውፊንገር በስክሪፕቱ ይነደፋል። አንድ የስቱዲዮ ትልቅ ሰው (ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ነው) ኪት ራምዚ ካለበት ፊልሙን እንደሚቀበል ይነግረዋል። ኪት ራምዚ፣ ማለትም ኤዲ መርፊ፣ በወቅቱ የአክሽን ንጉሥ ነው። ቦውፊንገርን ከመኪናው አስወረደው። ያኔ ቦውፊንገር ሰውየውን ሳያውቅ ሊቀርጸው ወሰነ። ተዋንያኑ መንገድ ላይ ድንገት እየቀረቡ የስክሪፕቱን ቃል ይነግሩታል፣ ካሜራው ተደብቆ ይቀርጻል፣ ኪት ደግሞ እውነት መስሎት ይጮኻል፣ ይሮጣል። ተዋንያኑም ተታለዋል፤ ኪት ካሜራውን ማየት እንደማይፈልግና ከቀረጻ ውጭ ከእነሱ ጋር እንደማይነጋገር ነው የተነገራቸው።

እኔን የያዘኝ ግን የገንዘብ ሳጥኑ ነው። ቦውፊንገር ከልጅነቱ ጀምሮ በየሳምንቱ 1 ዶላር እያስቀመጠ ያጠራቀማት 2,184 ዶላር አለችው። ለ52 ሳምንት አካፍሉት፣ ልክ 42 ዓመት ይመጣል። የሰውዬውን ዕድሜ በሙሉ በአንድ ቁጥር አስቀመጡት። ሌሎቹ ፊልሞች ስለ ቪላ፣ ስለ ወኪል፣ ስለ ኮንትራት ያወራሉ። ይሄኛው ስለ ፊልም ሥራ የሚያወራው ከታች ሆኖ ነው፤ ካሜራ ተውሶ፣ ምሳ ሳይኖረው፣ «ነገ እንጀምራለን» እያለ ሰው ስለሚሰበስብ ሰው። ስስቅ የሳቅኩት በእሱ ሳይሆን ከእሱ ጋር ነው። እናንተስ?

---

የሰኔ ዝናብ (ሚኒሶታ)

ወንድሜ የፒያሳ ልጅ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል፤ በፊልሙ ግን አልስማማም።

የምሠራው በአእምሮ ጤና ክሊኒክ ውስጥ ነው። «ሰዎች ይከተሉኛል፣ በድብቅ ይቀርጹኛል፣ መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች እየመጡ ስለ ሌላ ዓለም ፍጡር ያወሩኛል» ብሎ የሚመጣ ሰው በየወሩ አገኛለሁ። ኪት ፊልሙ ሲጀምር ጀምሮ በፍርሃት የተያዘ ሰው ነው። ስክሪፕት ሲሰጡት «ኬ» የሚለው ፊደል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቆጥሮ ለሦስት ያካፍላል፣ ከዚያ ውስጥ ጥቁሮችን የሚጠላውን የነጮች ድርጅት፣ ኩ ክላክስ ክላንን (ኬኬኬ) ያገኛል። «ማይንድሄድ» ወደሚባለው ሃይማኖት መሰል ድርጅት እየሄደ በመሪው (ቴረንስ ስታምፕ ነው) እጅ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ይህ ሰው የፈራው ነገር ሁሉ እውነት ሆኖ ይመጣበታል፣ እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን እንስቃለን።

መጨረሻውን አስታውሱ። ቦውፊንገር ቀሪዋን ትዕይንት የሚያገኘው ኪትን ይቅርታ ጠይቆ አይደለም። በድብቅ የተቀረጸ ሌላ ነውሩን አሳይቶ፣ ድርጅቱን አስፈራርቶ ነው። ድሃ መሆኑ ይህን አያጸድቅለትም። አንተ ከእሱ ጋር ስቀሃል፣ እኔ ደግሞ ግማሹን ፊልም ያየሁት ለኪት እየተጨነቅኩ ነው።

---

ካዛንቺስ ቪዲዮ ቤት

የሞራሉን ክርክር ለእናንተ ልተወው። እኔ ስለ ኤዲ መርፊ ብቻ ልናገር፤ ምክንያቱም ትወናው ሁልጊዜ ዋጋው ይቀንስበታል።

በእኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው አግዳሚ ነበር፤ የኤዲ መርፊ ካሴት የመጣ ቀን ግን በር ላይ ቆመን ነው የምናይ። «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» (1988) ላይ አንዱ ሰው አራት ሆኖ ሲመጣ አላመንንም። እዚያ ግን የሪክ ቤከር ሜካፕ አግዞታል። «ቦውፊንገር» ላይ ኪትን ስለሚመስል የተቀጠረውን ጂፍን የሚጫወተውም ራሱ ኤዲ መርፊ ነው፤ ጂፍን ከኪት የሚለየው መነጽር፣ የጥርስ ሽቦና ጸጉሩ ብቻ ነው። የቀረውን በትከሻና በዓይን ሠራው። ኪት ሲቆም ደረቱ ቀድሞ ይገባል። ጂፍ ሲቆም ለመቆም ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስላል። ለተዋናይነት መጥቶ ቡና እንዲያመጣና እንዲላላክ ሲነገረው ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ተመልከቱ። ትልቁ ሕልሙ መላላክ ነው! ያን ፊት በቀልድ ብቻ መሥራት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ሰው በቅርብ አይቷል ማለት ነው።

---

የፌርፋክስ ሹፌር (ሎስ አንጀለስ)

ከካዛንቺስ ቀጥዬ ልጻፍ። እኔ ያለሁት ፊልሙ የተሠራበት ከተማ ነው፤ ሰው አመላልሳለሁ፣ አልፎ አልፎ አጃቢ ተዋናይ ሆኜ ቀረጻ ላይ ቆሜያለሁ። የመጨረሻዋ ትዕይንት የተቀረጸችበት የግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪ ከሊትል ኢትዮጵያ ብዙ አይርቅም። ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው።

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጂፍን ፍሪዌይ የሚያሻግሩበት ትዕይንት። መኪኖቹን የሚነዱት ሁሉ የሠለጠኑ የስታንት (የአደገኛ ትዕይንት) ሰዎች ናቸው ብለው ዋሹት፤ እሱም አምኖ ሮጠ። ተሻግሮ ሲያበቃ እንዲመለስ ነገሩት። ያ መንገድ እኔ በቀን ሁለቴ የምነዳበት ዓይነት መንገድ ነው። አጃቢ ሆኜ ስሠራ «ምንም አትሆንም» ሲሉኝ «እሺ» ብዬ የማላውቀው ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፤ ቀጣዩን ቀን እንዳያስቀሩብኝ ብዬ። የሰኔ ዝናብ ስለ ኪት ያለችው ትክክል ነው። ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀው ጂፍ ነው፤ ስለ እሱ ደግሞ ጠበቃ የሚያቆም የለም።

ሁለተኛ፣ የኪት ፍርሃት ሁሉ ከበሽታ የመጣ አይደለም። ለነጭ ተዋንያን ጥሩ ጥሩው ዓረፍተ ነገር እንደሚሰጥ፣ ኦስካሩም ለእነሱ እንደሚሄድ እያለ ሲጮህ ሰው ይስቃል። ፊልሙ በወጣበት በ1999 ግን በዋና ተዋናይነት ኦስካር የተቀበለ ጥቁር ወንድ ሲድኒ ፖይቲየር ብቻ ነበር፤ እሱም በ1964። ሠላሳ አምስት ዓመት! ዴንዘል ዋሽንግተን የተቀበለው በ2002 ነው፣ ሃሊ ቤሪም በዚያው ምሽት። ስለዚህ ኪት ቁጥሩን አልተሳሳተም። የተሳሳተው ፊደል መቁጠር ላይ ነው።

---

የፒያሳ ልጅ

ስለ ኦስካሩ ያልከው ገብቶኛል፣ እንዲህ አላየሁትም ነበር። የሰኔ ዝናብ፣ አንቺም እውነት አለሽ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ቦውፊንገር ገንዘብ ቢኖረው ኪትን ከፍሎ ያመጣው ነበር። የሰረቀው በሩ ስለተዘጋበት ነው። በሩን የዘጋው ሰው ምንም ጥፋት የለበትም?

---

ጋሽ መብራት (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ እኔ ብዙ አልጽፍም፣ ዛሬ ግን ልጻፍ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር የቪዲዮ ፊልም ሲፈላ ላይት ማን ነበርኩ። ቦውፊንገርን ሳይ ያየሁት እኛን ነው። ሪፍሌክተራችን በካርቶን ላይ የተለጠፈ የሲጋራ ወርቅ ወረቀት ነበር። ማይኩን ያሰርነው በመወልወያ እንጨት ላይ ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሥር ስንቀርጽ ዝናቡ ድምፁን ስለሚበላው አንዷን ገጽ አሥር ጊዜ እንደግም ነበር። ደመወዝ «ሲመረቅ» ነው የሚባለው፤ ተመርቆም ያልተከፈለን አለ። ያም ሆኖ የማልረሳው ደስታ አለበት።

አሁን የፒያሳ ልጅ ስለ ተዘጋ በር ላነሳው ነገር።

አንድ ፊልም ላይ እናት ልጇ የጠፋባት ታሪክ ነበር። መርካቶ በርበሬ ተራ ለመቅረጽ ፈቃድ ማውጣት አልቻልንም፣ ሰውም ካሜራ ሲያይ ይሰበሰባል። ዳይሬክተሩ ዘንቢል አስመጣና ጎኑን ቀደደው፣ ካሜራውን ከጎመን በታች አስገባነው። ተዋናይቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ወደ ነጋዴዎቹ ሄደች፤ «ልጄን አያችሁ? የአራት ዓመት ነው፣ ቀይ ሹራብ ለብሷል» እያለች። አንዲት በርበሬ ሻጭ ተነሳች። ስንትና ስንት ሰው አልፏት ሲሄድ እሷ ዕቃዋን ጥላ ተነሳች። የተዋናይቷን እጅ ያዘችና በየተራው እየገባች «ቀይ ሹራብ ያደረገ ሕፃን!» እያለች ተጣራች። ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ። እንባዋ በበርበሬ እጅዋ ሲጠረግ ዓይኗ ቀላ፤ እኔ ዘንቢሉን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ዳይሬክተሩ በጆሮዬ «ወርቅ ነው፣ ወርቅ ነው» ይለኛል። ከዚያ ተዋናይቷ በሰው መሃል ተሰወረች፣ እኛም ሄድን።

ፊልሙ ሲመረቅ ሰው ያጨበጨበው ለዚያች ትዕይንት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሴትየዋ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ መጣች። ጎረቤቶቿ አይተዋት ነግረዋታል። እኔ ትኬት የሚቆርጠው ልጅ ጋ ቆሜ ነበር። ትሰድበናለች ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ያለችኝ «ልጁ ተገኘ?» ነው።

---

የሰኔ ዝናብ

ጋሽዬ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያስ ምን አሏት?

---

ጋሽ መብራት

ልጅ እንዳልነበረ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ታዲያ ስንት ወር የማንን ልጅ ነው በጸሎቴ ስጠራ የከረምኩት?» አለችኝ። አስገብተን ፊልሙን አሳየናት። የራሷ ቦታ ሲደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ያን ቀን ዕቃዋን ጥላ ስትሄድ ሁለት ኪሎ በርበሬ እንደተወሰደባት የነገረችኝ ስትወጣ ነው፤ ያም ስጠይቃት። የበርበሬውን ከኪሴ ከፈልኩ። ለፊቷና ለእንባዋ ግን ማንም አልከፈላትም፣ ስሟም መጨረሻ ላይ አልተጻፈም፣ ስሟን የጠየቀ ስላልነበረ።

በሩን የዘጉብን ሌሎች ናቸው፣ ልጄ። የከፈለችው እሷ ናት። ቦውፊንገርን እወደዋለሁ፣ አሁንም ሳየው እስቃለሁ፤ ዘንቢሉን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

---

የታሪክ ወዳጅ (ሃይፋ)

ከጋሽ መብራት በኋላ መጻፍ ይከብዳል፤ ቢሆንም ታሪኩ ጋር የሚሄድ ነገር ስላለኝ ላስቀምጠው።

ታዋቂን ሰው ሳያውቅ ፊልም ውስጥ ማስገባት የስቲቭ ማርቲን ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ በእውን ተደርጓል። በ1926 ሜሪ ፒክፎርድና ባለቤቷ ዳግላስ ፌርባንክስ ሞስኮን ጎብኝተው ነበር። በዚያን ዘመን በዓለም ላይ ከእነሱ የሚታወቅ የፊልም ሰው ጥቂት ነው። ሶቪየቶቹ በጉብኝቱ የተቀረጸውን ወስደው በ1927 ሙሉ ኮሜዲ ሠሩበት። ዳይሬክተሩ ሰርጌ ኮማሮቭ፣ ዋናው ተዋናይ ኢጎር ኢሊንስኪ ነው። ታሪኩም አንድ ተራ ሲኒማ ቤት ሠራተኛ ፒክፎርድ ስትስመው በአንድ ቀን ዝነኛ ስለመሆኑ ነው፤ መሳሟ የእውነት ነው። እሷ ግን የዚያ ፊልም ባለታሪክ መሆኗን አታውቅም ነበር።

ልዩነቱን አስተውሉ። ፒክፎርድም ኪት ራምዚም ጠበቃ አላቸው፣ ገንዘብ አላቸው፣ ጋዜጣ ይሰማቸዋል። በርበሬ ሻጯ ምንም የላትም። ፊልሙ ኮሜዲ ሆኖ የሚቆመው የተሰረቀው ሰው ኃያል ስለሆነ ይመስለኛል። ኪትን አንሥታችሁ በቦታው አንድ የማይታወቅ ሰው አስቀምጡ፤ ያው ታሪክ አንድ ሳቅ አይወጣውም።

---

ካዛንቺስ ቪዲዮ ቤት

ይሄ ነው ቁም ነገሩ። ለዚህም ነው ጂፍ ፍሪዌይ ላይ ሲሮጥ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ የሚቆመው። ኪት ሲሮጥ ግን ሙሉ በሙሉ እስቃለሁ። አንድ ተዋናይ፣ አንድ ፊት፣ ሁለት ዓይነት ሳቅ።

---

ወረቀት ጠባቂ (ፍራንክፈርት)

ስለ ካሜራ ቡድኑ የጻፈ ሰው የለምና ልጨምር። ቦውፊንገር ቴክኒሻን የሚቀጥረው ድንበር ሄዶ ነው። ሜክሲኮዎቹ ከድንበር ጠባቂ እየሸሹ መኪናው ውስጥ ዘለው ገቡ፣ በማግስቱ የፊልም ሠራተኞች ሆኑ። ይህን ትዕይንት ባለቤቴ በስደተኛ መሳለቅ ነው ብላ አዝናበታለች።

እኔ ያለ ወረቀት ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ካሜራ የትኛው ጎን እንደሚያይ አያውቁም። ወደ መጨረሻው ግን ቁጭ ብለው ስለ «ሲትዝን ኬን» ፊልም የሚከራከሩት እነሱ ናቸው፤ የፈረንሳዮቹን የፊልም መጽሔት ያነባሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ሙያውን ከልቡ የተማረ ከእነሱ ሌላ የለም። ካሮል (ክሪስቲን ባራንስኪ) የመድረክ ሰው ነኝ ብላ ትኩራራለች፣ ዴዚ (ሄዘር ግራም) ከኦሃዮ በአውቶቡስ መጥታ በሳምንት ውስጥ መንገዱን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ግን ሥራውን ሥራ ብለው የያዙት እነዚያ አራት ሰዎች ናቸው። እኔ ጀርመንኛ የተማርኩት ሳህን እያጠብኩ ነው፤ በሬዲዮ። አሁን የማስተምረው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያቺን ትዕይንት ሳይ አንገቴን አልደፋም።

---

የፌርፋክስ ሹፌር

ወረቀት ጠባቂ ወንድሜ፣ አፌ ቁርጥ ይበልልህ። ስለ ዴዚ ግን ለመጨመር፤ ሴቷን በመኝታ ቤት ብቻ ወደ ላይ የምትወጣ አድርጎ መጻፉ የፊልሙ ደካማ ጎን ነው። እዚህ ከተማ የማውቃቸው ልጆች ጠዋት ካፌ፣ ከሰዓት ኦዲሽን፣ ማታ ትምህርት ናቸው። ስቲቭ ማርቲን ለቦውፊንገር 42 ዓመት ሲሰጠው ለእሷ ግን አንድ ቀልድ ሰጣት።

---

እናት ነኝ

ልጆቼ 11 እና 14 ናቸው። ቅዳሜ አብረን ብናየውስ? ኤዲ መርፊን በ«ሽሬክ» አህያ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቁት።

---

የሰኔ ዝናብ

እህቴ፣ አሜሪካ ውስጥ ፒጂ 13 ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ ይጠንቀቅ ማለት ነው። የመኝታ ቀልድና ስድብ አለበት። ለ14ቱ ይሆናል፣ ለ11ዱ እኔ ብሆን ትንሽ እጠብቅ ነበር። ለሁለቱም ሊሆን የሚችለው «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» (1952) ነው። እሱም ፊልም ከድምፅ አልባ ወደ ድምፅ ሲሸጋገር የሆነውን ትርምስ እያሳየ በራሱ በሆሊውድ ይቀልዳል፤ ማይክራፎኑን አበባ ውስጥ ሲደብቁ ልጆችሽ መሬት ይወድቃሉ።

---

ካዛንቺስ ቪዲዮ ቤት

ኤዲ መርፊን ለሚወድ ደግሞ «ዶለማይት ኢዝ ማይ ኔም» (2019)፤ ለአዋቂ ብቻ። እዚያ ቦውፊንገሩ ራሱ ኤዲ መርፊ ነው። ገንዘብ የሌለው፣ ዕድሜው የገፋ፣ ሰው ሰብስቦ ፊልም የሚሠራ፤ የእውነት የነበረውን ሩዲ ሬይ ሙርን ነው የሚጫወተው። ከሃያ ዓመት በኋላ ከመኪናው ያስወረደውን ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁለቱን በተከታታይ እዩዋቸው።

---

የፒያሳ ልጅ

ጋሽ መብራት ከጻፉ ጀምሮ መልስ ሳልሰጥ የቆየሁት ፊልሙን እንደገና ለማየት ብዬ ነው። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር አየነው።

የመኪና ማቆሚያውን ትዕይንት ታስታውሳላችሁ፤ ለቦውፊንገር ውሻ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርገው ኪትን ከኋላው ያስከትሉበታል፣ እሱ የሴት ኮቴ መስሎት ይሸሻል። ባለቤቴ እየሳቀች ትራሱን አቅፋ ነበር፣ ውሻዋ በእርግጥ ታስቃለች። እኔ ግን ስንት ጊዜ አይቼው ኪትን አይቼው አላውቅም ነበር። ይቆማል፣ ኮቴውም ይቆማል። ይሄዳል፣ ኮቴውም ይሄዳል። ዞሮ አያይም፤ አንገቱ ብቻ ወደ ትከሻው ይገባል፣ እጁ ቁልፉን ይፈልጋል፣ ከንፈሩ የሆነ ነገር ለራሱ ይላል። ኤዲ መርፊ ያን አንገት እንደ ቀልድ አልሠራውም።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ቦውፊንገር ሲኒማ ቤት ተቀምጦ የራሱን ፊልም በስክሪን ሲያይ፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍ፣ እንደ ድሮው እንባዬ መጣ። እሱን መውደዴ አልቀነሰም። ግን ዓይኔ ከእሱ አልፎ ወንበሮቹ መሃል ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገች ሴት ፈለገ።

ጋሽዬ፣ የዚያ ፊልም ቅጂ አሁንም እጅዎ ላይ ካለ፣ ስሟን የሚያውቅ ሰው ከበርበሬ ተራ እናፈላልግ። እኔ ቅዳሜ መርካቶ እሄዳለሁ።

---

ጋሽ መብራት

ካሴቱ አለኝ። ሰባተኛ ከሚወርደው መንገድ ጥግ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጠብቀኝ፣ አብረን እንገባለን። ሴትየዋ የነበረችበትን ተራ አውቀዋለሁ።